በራ ማለት ተጠገነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ግን ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለና የሙያ ጓደኞቼ እንዲያነቡት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጋሼ በፎጣ የተጠቀለለ ዕቃ ይዘው ሱቄ መጡ። አሜሪካ ብዙ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አሁን አርፈው ደሴ የገቡ ሰው ናቸው። ፎጣውን ሲፈቱት ኮብራ 148 ነው። ሲቢ ሬዲዮ! በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሲቢ ለማታውቁት፣ የማይኩን ቁልፍ ተጭነህ የምታወራበት፣ ስትለቀው የምትሰማበት፣ 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ሬዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሞገድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ በ1977 ቻናሉ ከ23 ወደ 40 አደገ። በ1973 ነዳጅ ሲጠፋ ሹፌሮቹ የትኛው ማደያ እንዳለ የሚነጋገሩት በዚሁ ነበር። ቻናል 19 የሹፌሮች ነው፣ ቻናል 9 ለአደጋ ጥሪ። ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ «ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ ያነቃኝ የነበረው ይሄ ነው። መልኩን የማላውቀው ሰው እስኪነጋ ያዋራኛል።» ይህን ሲነግሩኝ ዕቃውን ካልሠራሁት እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አወቅሁ።

ችግሩ፣ ሬዲዮው ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቤት ገብቶ ነበር። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አዟዙረው ኃይል ሰጥተውታል። እንዲህ ሲሆን ውስጥ ያለው መከላከያ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ፊውዙን ያቃጥላል፣ ሥራው ይኸው ነው። እነሱ ግን ለምን ተቃጠለ ብለው ሳይጠይቁ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ቀጠሉበት። ዳዮዱ ተሰነጠቀ፣ የቦርዱ መስመር ጠቆረ። መስመሩን በየዱና መብራቱ ሲበራላቸው አንቴና ሳይሰኩ ማይኩን ደጋግመው ተጫኑት። ከዚያ «ተሠርቷል» ብለው ገንዘባቸውን ተቀበሉ።

አዎ፣ ይበራል። «ሹ» የሚል ድምፅም አለው፣ ይቀበላልም። መላክ ግን ፈጽሞ አይችልም፤ ኃይሉን አጉልቶ ወደ አንቴና የሚሰደው የመጨረሻው ትራንዚስተር ሞቷል። አንቴና ከሌለ ኃይሉ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ትራንዚስተሩን ያበስለዋል። ወጣት ጠጋኞች፣ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ፦ የሚልክ ሬዲዮ አንቴና ወይም በአንቴናው ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል ጭነት ሳይሰካለት ማይክ አይነካም። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን።

ጥገናው ሁለት ወር ፈጀ። ዳዮዱ ቀላል ነው። የደረቁትን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን) አንድ በአንድ ቀየርኩ፣ አርባ ዓመት የቆየ ካፓሲተር ቴስተር ላይ ደህና ቢመስልም አላምነውም። የቻናል መምረጫውንና የድምፅ ማዞሪያውን አጠብኩ። ያደከመኝ ትራንዚስተሩ ነው። ቁጥሩ 2ኤስሲ1969 ነው፣ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ይሠራው የነበረ። ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላ ገበያው በፎርጂድ ተሞልቷል። መጀመሪያ ያስመጣሁት ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ አንድ ዋት እንኳ ሳይሞላ ጋለና ሞተ። እውነተኛውን የጋሼ ልጅ ከአሜሪካ ላከችልን። አሏህ ይስጥልኝ።

ፍተሻው ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ኃይል ስሰጥ 13.8 ቮልት፣ መጀመሪያ በመሐል አምፖል አስገብቼ ነው፤ አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ዕቃው ግን ይተርፋል። ከዚያ በአንቴናው ቦታ ደሚ ሎድ እሰካለሁ፤ 50 ኦም የሆነ፣ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ሬዚስተር ነው፣ ስትልክ ድምፅህ ከሱቅ አይወጣም፣ ማንንም አይረብሽም። በዚህ ላይ ዋቱን እለካለሁ፣ ፍሪኩዌንሲውን አያለሁ። ቻናል 19 በትክክል 27.185 ሜጋኸርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። ድምፅ የሚልክባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉት፤ በኤኤም 4 ዋት፣ በሲንግል ሳይድባንድ 12 ዋት ከሰጠ በቃ፣ አሜሪካ የተፈቀደለት ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ካልወጣ ብለው ውስጡን የሚጎረጉሩ አሉ። ድምፁ ይሻክራል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይረበሻል፣ ያ ውድ ትራንዚስተርም ይሄዳል። እኔ አልነካውም።

ቀጥሎ ጣሪያ ላይ ሽቦ አንቴና ዘረጋሁ፣ ግራና ቀኝ 2 ሜትር ከ60 ገደማ። ጋሼ ማይኩን ይዘው «ልጥራ?» አሉኝ። ዓይናቸውን እያየሁ እምቢ ማለት ከበደኝ፣ ግን እምቢ አልኳቸው። አገራችን ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድር ባለሥልጣን አለ፤ ያለ ፈቃድ አየር ላይ መውጣት ለእሳቸውም ለእኔም አይሆንም። «አብሽሩ ጋሼ፣ ዛሬ እንስማ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር። የስልክ ቻርጀሩ፣ ርካሹ የኤልኢዲ አምፖል፣ ሁሉም በዚህ ሞገድ ላይ ይንጫጫል። በመሐል የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት፣ ያ ሁሉ ጩኸት ጭልጥ ብሎ ጠፋ፣ ከሥሩ የሰው ድምፅ መጣ። የዳክዬ ድምፅ ይመስል ነበር። ጋሼ የፍሪኩዌንሲ ማስተካከያዋን ትንሽ ዞር ሲያደርጉ ጠራ። ቋንቋውን አላወቅነውም። የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታባቸው ዓመታት ይህ ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ባሕር ይሻገራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በመኪና አንቴና ከጥቂት ኪሎ ሜትር አያልፍም፣ ጦሳን ዞሮ ኩታበር መድረሱንም እጠራጠራለሁ። ጋሼ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ወደምጠይቀው ልምጣ። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ተማሪዎች በፈቃድ ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ነው። የአማተሮቹ 28 ሜጋኸርዝ ከሲቢ አጠገብ ነው፤ አሮጌ ሲቢን አስተካክሎ እዚያ ማስገባት በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ወሎስ? ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፣ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች አሉን። እንደዚያ ያለ ጣቢያ በፈቃድ ቢከፈት፣ ተማሪው በእጁ ይማራል፣ እኛ ጠጋኞችም የሠራነውን ዕቃ በሥርዓት አየር ላይ የምንፈትሽበት ቦታ እናገኛለን። ደሚ ሎዴን፣ ዋት መለኪያዬን፣ ያለኝን ትርፍ ዕቃ ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርጄ በነፃ ላስተምር ዝግጁ ነኝ። የሚመለከታችሁ ካነበባችሁት ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይሰጣችኋል።

ጋሼ ሬዲዮውን ወደ ቤት አልወሰዱትም። «ፈቃዱ እስኪመጣ አንተ ጋ ይቀመጥ» ብለውኛል።

ከሰላምታ ጋር
ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከደሴ