ለትራምፔቴ ቫልቮች የከፈልኩት 4,500 ብር ጉዳይ

ሰላም ለጥገና ቤቱ ሰዎች፣

ባለፈው ወር ቀለሟ የተላጠ ትራምፔት ያመጣሁት ሰው ነኝ። በስልክ ሁለቴ ሞክሬ አልተግባባንም። ስለዚህ ልጻፈው።

ያመጣሁበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በጣት በሚጫኑት ሦስት ቫልቮች ውስጥ ያሉት የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ቀለበቶች አርጅተው ተጨፍልቀዋል፣ ድምጿም ደክሟል። እናንተም «አሁን በካሜራ ነው የምንሠራው፣ በግምት ቀርቷል» ብላችሁ 4,500 ብር ጠየቃችሁኝ። ደስ እያለኝ ከፈልኩ፤ ምክንያቱም ቫልቩ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው የፒስተን ቀዳዳ ከዙሪያው ካለው ቤት ቀዳዳ ጋር መግጠም አለመግጠሙ ከውጭ አይታይም፣ ድሮ እኮ የጥርስ ሐኪም መስታወትና ባትሪ ይዘን አንገታችን እስኪጣመም ነበር የምናየው።

ሥራው አለቀ ስትሉ ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ላካችሁልኝ። በሦስቱም ላይ ቀዳዳው ሙሉ ክብ ነው፣ ጥርት ያለ። ቤት ወስጄ ስነፋት ግን ምንም ቫልቭ ሳልጫን የሚነፋው «ሶል» ታፈነ። «ዶ»ም ያው። ሳመጣት ከነበረችው ባሰባት። የሚገርመው፣ ሁለተኛውን ተጭኜ «ሲ» ስጫወት ድምጹ ይከፈታል፣ «ላ»ም ጥሩ ነው። ጣቴን ሳነሳ እንደገና ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የምነፋ ይመስላል።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ወንድሜ፣ ፎቶው እኮ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ምናልባት ከንፈርህ ደክሞ ይሆናል» አለኝ። ከንፈሬ! 17 ዓመት ነፍቻለሁ፣ ከንፈር ይደክማል፣ አልካድኩም። ግን ሁለተኛ ቫልቭ ስጫን ብቻ የሚበረታ ከንፈር የለኝም።

እልህ ያዘኝና መርካቶ ሄጄ ስልክ ላይ የሚሰካውን የቧንቧ ካሜራ ገዛሁ። ጫፉ 5.5 ሚሊሜትር ነው፤ የትራምፔቴ ቱቦ ውስጡ 11.7 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ እንደ ልብ ይገባል። ከመንጠቆ፣ ከማግኔትና ከአንዲት ትንሽዬ መስታወት ጋር ነው የሚሸጠው። ነገሩን ያወጣችው ያቺ መስታወት ናት።

መጀመሪያ እናንተ ያደረጋችሁትን አደረግኩ። የሁለተኛውን ቫልቭ ስላይድ (ተነቃዩን ትንሽ ቱቦ) ነቅዬ ካሜራውን በቱቦው አስገባሁና ፒስተኑን ተጫንኩ። ሙሉ ክብ! ፎቷችሁ ውሸት አይደለም፣ ይህን አምኛለሁ። ግን በዚያ በኩል የሚታየው ፒስተኑ ሲጫን ያለው ብቻ ነው። ጣት ሲነሳ ስላይዱ ፊት ለፊት የሚያገኘው የፒስተኑን ግድግዳ ነው፤ አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያኔ ወደ አንደኛውና ወደ ሦስተኛው ቫልቭ ዞሮ ነው ያለው። ስለዚህ አንደኛውን ፒስተን አወጣሁ፣ መስታወቷን ካሜራው ጫፍ ላይ ገጠምኩ፣ ባዶው ቤት ውስጥ ቀስ አድርጌ አወረድኩና ወደ ሁለተኛው አዞርኳት።

አገኘኋት። በክቡ አንድ ጠርዝ ላይ ነጭ ብረት፣ እንደ ማጭድ የቀጠነች። ካሜራ ትንሽ ካዘነበለ የገጠመውንም ያልገጠመ እንደሚያስመስል ስለማውቅ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁ። አልጠፋችም። ከዚያ አንደኛውን ወደ ቦታው መልሼ ሌላ ፈተና ሞከርኩ፣ ይሄ ደግሞ ካሜራም አይፈልግ፦ የሁለተኛውን የላይ ቆብ ግማሽ ዙር ፈታ አድርጌ ሶል ነፋሁ። ወዲያው ተከፈተ። ቆቡን ሳጠብቀው ታፈነ። ስፈታው ተከፈተ። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስክትደበድብ ድረስ ደጋገምኩት።

እንግዲህ የሆነው እንዲህ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቁልፍ ሥር ያለው ፌልት ፒስተኑ ሲጫን የት እንደሚቆም ይወስናል። እሱን በካሜራ እያያችሁ አስተካክላችኋል፣ እጃችሁ ይባረክ። ፒስተኑ ሲነሳ የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን ከቆቡ ውስጥ ያለው ሌላው ፌልት ነው። እዚያ ወፍራም አዲስ ቀለበት ከታችሁ ፒስተኑን ቁልቁል ያዘው፤ መስታወት ገጥሞ ያየ ሰው ግን የለም። ሦስት ቫልቭ፣ ሲጫንና ሲነሳ፣ ስድስት ቦታ ነው። እናንተ ሦስት አይታችሁ የስድስቱን አስከፈላችሁኝ።

ደግሞ ይሄ ከተማ ለናስ መሣሪያ አዲስ አይደለም። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው የናስ ባንድ ተጫዋቾች፣ አዲስ አበባ የገቡት በ1916 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጥሩምባ ሲጠገን ኖሯል፣ ያውም ያለ ካሜራ። እናንተ ጋ ያሉት አዛውንት ባለሙያ አንዴ ሶል ቢያስነፉኝ ኖሮ በጆሯቸው ብቻ ይይዙት ነበር። በዕለቱ አልነበሩም መሰለኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወይ የሦስቱን ቦታ 2,250 ብር መልሱልኝ፣ ወይ እኔ ባለሁበት የላይኞቹን ፌልቶች ከልኬታቸው ጋር አስተካክሉና ሲነሱ ያለውንም በመስታወት አሳዩኝ። ለሁለተኛው ሥራ ግን ሳንቲም አልጨምርም። አሮጌ ቀለበቶቼንም እፈልጋለሁ፣ «ተጥሏል» አትበሉኝ።

እስከ ዓርብ ድረስ መልስ ስጡኝ። አሁን የምነፋው ከጓደኛዬ በተዋስኩት ቀጭን ቀለበት ነው፤ እሱም ቅዳሜ ሠርግ አለበት፣ ቀለበቱን ይፈልገዋል።