«ሰውነቱ ሙሉ ነው» ብለው ለፈረሙት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡርነትዎ፤

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጠራም። ማመልከቻዎቻችን መዝገብ ቤትዎ ተቆልለዋልና ማን እንደሆንን ያውቃሉ። ለብቻዎ ስንጽፍልዎ ዝም አሉን፤ እስቲ በሰው ፊት እንሞክር።

ታላቅ ወንድሜ የሰሜኑን ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ግንባር ላይ አሳለፈው። ሲመለስ እጁም እግሩም ነበረ። ሌሊት ግን የወደቁ ጓደኞቹን በየስማቸው ይጣራል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹን እየጎተተ አልጋ ሥር ያስገባል። አንድ ቀን ቀና ያለችውን ትንሿን ልጁን አንገቷን ይዞ ከመሬት አጣበቃት። ከዚያ ወዲህ ራሱን ፈርቶ ከከብቶቹ ጋር በረት ውስጥ ያድራል።

ጉዳቱን የሚመረምረው የሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ የተጠየቀው «ጥይት የት መታህ?» የሚል ነበር። ሸሚዙን አስወልቀው አገላብጠው አዩት። አንደኛው አባል «ይህን የሚያህል ሰው ጡረታ ይጠይቃል?» ብለው ሳቁ። ሸሚዙን መልሶ ሲቆልፍ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የጻፈ የለም። የተጻፈው «ሰውነቱ ሙሉ ነው» የሚል ነው፤ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለ።

በግዳጅ ላይ ጉዳት የደረሰበት ወታደር አበል እንደሚገባው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 በጠረጴዛዎ ላይ ነው። ሕመሙም፣ አሰቃቂ ነገር ካዩ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት (PTSD)፣ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ከቬትናም የተመለሱትን ወታደሮች አይተው እ.ኤ.አ. በ1980 በበሽታዎች መዝገባቸው አስፍረውታል። የእርስዎ ቦርድ ግን ዛሬም ጠባሳ ይፈልጋል።

ቅሬታ ስናቀርብ «ከአዲስ አበባ የስፔሻሊስት ማስረጃ አምጡ» ተባልን። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱስ ባልከፋ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት በሚከርምበት ጊዜ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ባየ ቁጥር የሚደነብር ሰው በየኬላው እያስፈተሹ ዐባይ በረሃን ማሻገር ምን እንደሆነ አስበውት ያውቃሉ? ጎረቤት «ተለክፎ ነው» ስላለን ጸበል ወስደነዋል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ የቦርድ ውሳኔ ግን አይሽርም።

ሐኪሞች እንዲህ ያለ ሰው ሲታከም ያ ክፉ ጊዜ ማለፉን ማመን አለበት ይላሉ። ጎጃም ውስጥ ማን ደፍሮ ይንገረው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሌሊት ተኩስ ሲሰማ «ሕልም ነው፣ ተኛ» ልለው አልችልም፤ እኔም እሰማዋለሁና። የሚተኩሱትም ቢሆኑ፣ በየትኛውም ወገን ይሰለፉ፣ ነገ የሚመለሱት እንደ እርሱ ሆነው ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ሸሚዝ ሊያስወልቁ ነው?

የምንጠይቀው ቀላል ነው። የአእምሮ ሐኪም የተቀመጠበት ቦርድ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ይየው። ይህን የማያደርጉ ከሆነ እምቢታዎን ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ በማኅተም ይስጡን፤ ፍርድ ቤት ያለ ወረቀት አያስተናግደንም።

የወታደሩ እህት፣ ከምሥራቅ ጎጃም