ካርቦንን ከከሰል ምድጃው ጀምረን እናስተምር

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች፣

የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህር ነኝ። ስለ አየር ብክለት ሳስተምር ግድግዳ ላይ የምሰቅለው ሥዕል አለ። ትልልቅ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ አውሮፕላን፣ መኪና። ልጆቹ ያዩታል፣ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል። አንዷ ግን "ቲቸር፣ እኛ ሰፈር እኮ ፋብሪካ የለም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ለልጆቹ በግልጽ መንገር አለብን። ባላጠፉት ጥፋት እየተወቀሱ ማደግ የለባቸውም።

"መብራት አጥፉ" የሚለውም ምክር እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚያመነጭ አገር ልክ ነው። የእኛ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ማጥፋቱ ለቆጣሪው ይበጃል፣ ይቅር አልልም። (እኛ ሰፈር ደግሞ ሳናጠፋውም ይጠፋል፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።) የእኛ ልጅ በዓይኑ የሚያየው ካርቦን ያለው ግን ምድጃው ላይ ነው።

ከሰል የማያውቅ ተማሪ የለኝም። ቡና ሲፈላ ያላራገበ ማን አለ? ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃቸው ግን "ከሱቅ" ነው የሚሉት። በአፈር ተዳፍኖ በባህላዊ መንገድ ሲከሰል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ይህንን ነግሬያቸው ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፍኩ። "አንድ ቤት በሳምንት 3 ኪሎ ከሰል ቢያነድ ስንት ኪሎ እንጨት ይቆረጣል?" ግማሾቹ 15 አሉ፣ ግማሾቹ 30። ሁለቱም ልክ ነው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ወዲያ ከሰል ስለምትቆጥበው ላቀች ምድጃና የእንጀራ መጋገሪያውን የማገዶ ፍጆታ እስከ ግማሽ ስለሚቀንሰው ምርት ምድጃ ለማስረዳት ብዙ አልለፋሁም። እነሱ ራሳቸው ማስላት ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቤቱ ከከሰል ሌላ አማራጭ የሌለው ልጅ በእናቱ እንዲያፍር ማድረግ የለብንም። ስለዚህ ጥያቄው "አንድ ቤት" እንጂ "ቤታችሁ" አይባል። የመምህሩ መምሪያ ላይ ይህች እንድትጻፍ እፈልጋለሁ።

ሌላው የችግኙ ነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ብለን እንተክላለን። ደስ ይላል፣ ፎቶም እንነሳለን። ግን አስቡት፤ የምንተክለው ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው። ችግኙ የሚደርቀው ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ እያሉ ነው። ታዲያ ትምህርቱ ለምን ከማጠጣቱ አይጀምርም? እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ችግኝ ይረከብ። በየወሩ ቁመቱን በሜትር ይለካ፣ ግራፍ ይሥራ። የደረቀም ካለ ደረቀ ተብሎ ይመዝገብ። ለእኔ ከስንት ተተከለ ይልቅ ስንት ጸደቀ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ካርቦን የሚይዘው የጸደቀው ነውና።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ አዲስ መጽሐፍ እንድታሳትሙ አይደለም። በጀት እንደሌለ እናውቃለን። ለአካባቢ ሳይንስና ለሒሳብ መምህራን በጋራ የሚሆን፣ የከሰሉን ስሌትና የችግኙን መዝገብ የያዘ፣ ጥቂት ገጽ ያላት ተጨማሪ መምሪያ ይበቃናል። መስከረም ላይ እጃችን ብትገባ ለበጋው እንደርሳለን።

የምትሞክሩበት ክፍል ካስፈለጋችሁ የእኔ 4ኛ ክፍል ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአካባቢ ሳይንስ መምህር፣ አዲስ አበባ