ደብተርህን አነበብኩት

ይድረስ ለልጄ። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከደብረ ብርሃን ውርጭ በቀር ደህና ነን።

የአክስትህ ልጅ ደውላ የነገረችኝ እንቅልፍ ነሳኝ። የዶርም ጓደኛህን አነጋገር እያስመሰልክ ልጆቹን ታስቃለህ አሉ። አንተ! በሰው አነጋገር አትሳቅ። ደግሞ ሊንጉስቲክስ፣ የቋንቋ ጥናት፣ እየተማርክ!

ክረምት መጥተህ የረሳኸውን ደብተር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ሥራዬ ስህተት ማረም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእናንተ ትምህርት ሰው እንዴት መናገር እንዳለበት ሳይሆን እንዴት እንደሚናገር ነው የሚያጠናው። ከጽሕፈት ንግግርን ያስቀድማል። ይኼኛው መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ታዲያ ማታ አያትህን «ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላት «ለገና ነዋ፤ ገና ደግሞ ገና ነው» አለችኝ። የበዓሉን አጠበቀች፣ ሌላውን አላላች። ፊደላችን ሁለቱን አይለያቸውም። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስታባቸው አታውቅም።

ደብተርህን በደንብ ያዝ። የትምህርታችሁ አባት፣ ሶሲር የሚባለው የጄኔቫ መምህር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1913 ሲሞት ያን ትምህርቱን በመጽሐፍ አላወጣውም ነበር። በ1916 የታተመው ከተማሪዎቹ ማስታወሻ ተለቃቅሞ ነው። አንተ ተማሪው ብትሆን ኖሮ የሚታተመው ሽሮ ነበር።

ፎኒም፣ ማለት የቃልን ትርጉም የሚለየው ድምፅ፣ የሚለው ገጽ ላይ ግን ቆየሁ። «ከበረ» እና «ቀበረ» በአንድ ድምፅ ነው የሚለያዩት። ፈረንጅ «ቀ»ም «ጠ»ም አይወጡለትም። «ቴና ይስትልኝ» ሲለን ግን እናጨበጭብለታለን። የአገራችን ልጅ ሲሳሳት ነው የምንስቀው። በሰው አነጋገር አትሳቅ ብዬሃለሁ።

ይኼን ለእናትህም አልነገርኳትም። ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ ነበረኝ። ቆሞ ሲያነብ «ዛሬ» የሚለውን «ሳሬ» አለው። «ሳርህን ለበሬህ ስጠው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ጨዋታ አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ። ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም። ከፋሲካ በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

ኦሮምኛ በራሱ ነባር ቃላት ውስጥ «ዘ» እንደሌለው ያወቅኩት ገና አሁን፣ ካንተ ደብተር ነው። እኛም የእነሱ «ዸ» የለንም። በላት ብባል ምላሴ ይተሳሰራል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ገበያ ውስጥ ጤፍ ሲያራግፍ አገኘሁት። «ጋሼ!» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ስንለያይ «ዛሬ እንኳን አገኘሁዎት» አለኝ። «ዛ»ዋን ጥርት አድርጎ። ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ የጤፍ ዋጋ ጠየቅኩት።

ባናውን በነገው አውቶቡስ እልከዋለሁ። መናኸሪያ በጊዜ ጠብቅ፤ ሾፌሩ አይቆምልህም። እናትህ ጭኮ አስቀምጣበታለች። ለብቻህ እንዳትበላው፤ መጀመሪያ ለዚያ ለዶርም ጓደኛህ ነው የምታቀርብለት። በሰው አነጋገር አትሳቅ። እሁድ ደውልና ምን እንዳልከው ንገረኝ። ምን እንዳለህም።

አባትህ