ጓዳው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይዘጋጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ውፍረት ለመቀነስ ስለሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና በጋዜጣ ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱና ስለሚቀነሰው ኪሎ ነው። ታካሚው ቤቱ ሲገባ ስለሚጠብቀው ጓዳ የሚያነሳ አይገኝም። ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሰውየው ቆሞ የማብሰልም ሆነ ገበያ የመውጣት አቅም የለውም። ያኔ እጁ ላይ ያለው ነገር የመጀመሪያውን ወር ያቀልለታል ወይም ያከብድበታል። ስለዚህ ጥቂት ቦታ ስጡኝ።

ቀዶ ሕክምናው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ስሊቭ በተባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። ባይፓስ በተባለው ደግሞ ምግብ የሚቀበለው ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀራል፤ ከረጢቱም በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይጋጠማል። ይህ እየታወቀ ቤተሰብ በደግነት ትልቅ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄትና የወር አስቤዛ ይገዛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የብዙ ሰው ጣዕምና የማሽተት ስሜት ይለወጣል፤ ትናንት የወደደውን ጣፋጭ ዱቄት ዛሬ ሽታውን እንኳ መቋቋም ያቅተዋል። ወተት ተስማምቶት የኖረ ሰውም፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ ሆዱ ሊነፋና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱ በትንንሽ ማሸጊያ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት ይገዛ፤ አንዱ ምንም ጣዕም የሌለው፣ አንዱ ደግሞ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የተቀነሰለት ይሁን። ኮላጅንን እንደ ዋና ፕሮቲን ቆጥሮ መግዛት ስህተት ነው፤ ሰውነት የግድ ከምግብ ከሚያገኛቸው አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አንዱ፣ ትሪፕቶፋን፣ የለበትም።

አመጋገቡ በየደረጃው ነው የሚሄደው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ወተትና የተጣራ ሾርባን የመሰለ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ያህል የላመ ምግብ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይሆንና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ መደበኛው ይመለሳል። የራሳችሁ ሐኪም የሰጠው ቀን ከዚህ ቢለይ የእሱ ይቀድማል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚገዛው ግን ለፈሳሹና ለላመው ጊዜ የሚበቃው ብቻ ነው። ብዙ ሐኪሞች ጉበት እንዲቀንስ፣ ጨጓራውም በቀላሉ እንዲታይ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ስታርችና ስኳር ያስቀንሳሉ። ዳቦና ጣፋጩን ከጓዳ ማውጣት ያኔ ቢደረግ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ላለውም በኋላ ላለውም ጊዜ ይሆናል።

ከምግቡ በፊት ዕቃው ይገዛ፦ ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን፣ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመድኃኒት መለኪያ፣ ልኬት የተጻፈበት የውሃ ጠርሙስ፣ ብሌንደር፣ ደቃቅ ወንፊት፣ ክዳን ያለው የበረዶ መሥሪያና ትንሽ ሳህን። መለኪያዋን የሚንቃት ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሂሳቡን እንየው። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን ቀርቷል። በየ15 ደቂቃው 30 ሚሊ ሊትር የሚጠጣ ሰው በሰዓት 120 ሚሊ ሊትር ያገኛል፤ 1.5 ሊትር ለመድረስ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ጠዋቱን የዘነጋ ሰው ማታ ሊያካክሰው አይችልም፤ የሰውነት ፈሳሽ እያነሰ ሄዶ እንደገና ሆስፒታል የሚያስገባውም ይኸው ነው። ምግብ ሲጀመር ደግሞ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ተበልቶ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ይጠበቃል።

ፕሮቲኑ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 8 ግራም ያህል አለው። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት አራት የሾርባ ማንኪያ ቢበጠበጥበት 10 ግራም ገደማ ይጨምራል፤ መጠኑ ሳይበዛ 18 ግራም ደረሰ ማለት ነው። ዌይ የተባለው የወተት ፕሮቲን ዱቄት በሚፈላ ሾርባ ላይ ከተነሰነሰ ወዲያው ይጓጉላል፤ ቢበጠበጥም ቅንጣቱ አይጠፋም፤ ሰውም ዱቄቱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። መጀመሪያ በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ሊጥ ይለወስ፤ ሾርባው ለብ ሲል ደግሞ ቀስ እየተባለ ይጨመርበት።

የላመውን ምግብ ታካሚው ቤቱ ሳይገባ አዘጋጅቶ በፍሪዘር በረዶ ማድረግ ይቻላል። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ጭን ሥጋ (የደረቱ ሥጋ ይደርቃል) ከ80 ሚሊ ሊትር የራሱ መረቅ ጋር ለሁለት ደቂቃ ይፈጭ፤ ከዚያ በወንፊቱ ላይ በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ማሳለፍ ነው። ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን የሥጋ ክር ተመልከቱት፤ ጨጓራው መውጫ ላይ ሊሰነቀር የነበረው እሱ ነው። በበረዶ መሥሪያው ሲገለበጥ አንዱ ጎድጓዳ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ስድስት ያህል ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 4 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በረዶ ከሆነ በኋላ ቀን ተጽፎበት በላስቲክ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ሲፈለግ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ፣ አንድ ማንኪያ መረቅ ተጨምሮ፣ በዝግተኛ እሳት ይሞቃል። ዓሣና ምስርም እንዲሁ ይሠራሉ። እንቁላልና እርጎ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይግቡ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል፣ እርጎውም ውሃው ይለያል። እንቁላል በዕለቱ፣ በትንሽ እሳት፣ ከወተት ጋር ተመትቶ ለስለስ እንዳለ ይወጣ።

ጠጣር ምግብ ሲጀመር አብዛኛውን ችግር የሚያመጡት ዳቦ፣ ሩዝና ዳግመኛ የሞቀ ሥጋ ናቸው። የለስላሳ ዳቦ ፍርፋሪ ውሃ ነክራችሁ በጣታችሁ እሹት፤ ወዲያው ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል። በምራቅ ርሶ ትንሿን ከረጢት የሚዘጋው በዚሁ መልክ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በአፍ የሚሞላ ምራቅ፣ አረፋ የመሰለ ትውከት የመዘጋት ምልክቶች ናቸው። መብላቱን ማቆም እንጂ በውሃ ለማውረድ መሞከር ያባብሰዋል። ምልክቱ ካልለቀቀ ወይም ፈሳሽም አልወርድ ካለ ሐኪም ዘንድ ነው።

ጭማቂ፣ ማርና የጣፈጠ ወተት ከጓዳ ይውጡ። ስኳሩ በፍጥነት አንጀት ውስጥ ሲወርድ፣ በተለይ ባይፓስ ላለው፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የደም ስኳር ወርዶ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። «ስኳር የለውም» የሚለውም ጽሑፍ አያዘናጋችሁ፤ በስኳር ምትክ የሚገባው ማጣፈጫ፣ ሶርቢቶል፣ ካለበት ሆድ ይነፋል። ብስኩትና ቺፕስ ሌላ ችግር አላቸው፤ አፍ ውስጥ ሟሙተው እየሾለኩ ስለሚያልፉ ጨጓራው ጠገብኩ ሳይል ብዙ ይበላል።

የመጨረሻው መደርደሪያ የቫይታሚኑ ነው፤ ይህ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። ካልሲየሙ ሲትሬት ይሁን፤ ያለ ጨጓራ አሲድም ከአንጀት ወደ ደም ይገባልና። በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ይፈለጋል፤ በአንድ ጊዜ ከ600 በላይ ስለማይጠቅም ይከፋፈል። ብረት ያለበት እንክብል ከካልሲየሙ ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ አብረው ከተወሰዱ ካልሲየሙ ብረቱን ያግደዋል። ቢ12ም አይዘንጋ። ባይፓስ ያደረገ ሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከመድኃኒት ሣጥኑ ያውጣ፤ ከረጢቱና አንጀቱ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣሉ።

ቤተሰቡም አንድ ነገር ይወቅ። ማስታወኩ ሁለት ሦስት ቀን ካልቆመ ቤት አይጠበቅም። የሰውነት የቫይታሚን ቢ1 ክምችት ትንሽ ነው፤ ሲያልቅ ነርቭና አእምሮ ይጎዳል፤ የዓይን መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና ግራ መጋባት ይታያል። ሆስፒታል ሲገባ ጨጓራው ቀዶ የተደረገለት መሆኑ ይነገር፤ ግሉኮስ በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮት ቢ1 መሰጠት አለበትና።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ምግብ ባለሙያ