የኮምፒውተር ክፍላችን ጣሪያ ከመስከረም በፊት ይከደን፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን፣

አዎ፣ እንደገና እኛው ነን። ያለፈው ዓመት መዋጮ የመጨረሻው ይሆናል ብለን ነበር። ሰኔ ላይ የመጣው ንፋስ ግን የኮምፒውተር ክፍሉን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ዝናቡም ተከተለ። ከ20 ኮምፒውተሮች 8ቱ አልነሳ ብለዋል። ሰርቨሩን፣ ትምህርቶቹ የተጫኑበትን ዋናውን ኮምፒውተር፣ ዘበኛው አባባ በጋቢያቸው ጠቅልለው አወጡት፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ ወዲህ የጀመርነው መዋጮ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የምንሰማው ጥያቄም አንድ ነው፤ «ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ነገር በነጻ አይደል እንዴ? ብሩ ለምንድን ነው?»

ልክ ነው፣ ትምህርቱ በነጻ ነው። ትምህርቶቹን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየው ኮሊብሪ የሚባለው ፕሮግራም አይከፈልበትም። የካን አካዳሚ የትምህርት ቪዲዮዎችም፣ ፌት የሚባሉት በስክሪን የሚሠሩ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎችም እንዲሁ። አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ተማሪው በዋይፋይ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል፣ አለቀ። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ሽቦና ባትሪ በስክሪን ገጣጥሞ አምፖል ማብራት መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ የፊዚክስ መምህራችንን ጠይቁ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም በፒዲኤፍ እዚያው አሉ። አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ለአራት የሚጋሩ ልጆች እንዳሉን ታውቃላችሁ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብን ደግሞ መምህራኑ ራሳቸው በአማርኛ እያብራሩ ቀርጸውልናል፤ ያለ አበል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

ቆርቆሮ ግን ከኢንተርኔት አይወርድም። ምስማርም፣ እንጨትም፣ የአናጢ ዋጋም።

«ለሶላርና ለባትሪ ያን ያህል ብር ከሚወጣ ኮምፒውተር አይገዛም ነበር?» ያላችሁን አላችሁ። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሶላሩ ባይኖር ኮምፒውተሮቹ ጌጥ ሆነው ይቀሩ ነበር። ከውጭ ለተላኩት ላፕቶፖች ማስለቀቂያ የወጣውም ደረሰኝ አለው፤ ገንዘብ ያዣችን ጋ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከኮሚቴው የትራንስፖርት እንኳ የወሰደ የለም። ይህን ባንናገር ደስ ባለን፤ ወሬው ግን በዛ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ገና ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የእኛም ልጆች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ሰደቃ ጃሪያ፣ ምንዳው የማይቋረጠው ምጽዋት፣ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ክርስቲያኖችም ስለት ያለባችሁ አንድ ቆርቆሮ አስቡልን። ሁሉም ለልጆች ነው።

የጎደለን 190,000 ብር ነው። ሂሳቡ ያው የድሮው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ ነው፤ በሦስት ፈራሚዎች ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩ አልተቀየረም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፣ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይም ፒን ተደርጓል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ አስተላልፉ። በግል ስም ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ እኛ አይደለንም፣ እንዳትልኩ! ውጭ አገር ያላችሁ በባንክ ብቻ ላኩ፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዣችን አድርሱልን።

አናጢው ከጳጉሜን በፊት ካልጀመርኩ አልደርስም ብሎናል። ስለዚህ እስከ ነሐሴ 20 ድረስ ገቢ አድርጉልን። በድጋሚ፦ ንግድ ባንክ፣ የድሮው ሂሳብ፣ በኮሚቴው ስም።

ኮሚቴው