ጉዳዩ፦ ከነአዲሶቹ ጎሚኒዎች ምድጃ ስለገቡት ብራቾዎቼ

ለቀለም ቅብ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጥቅምት 4 ቀን የአባቴን የ1981 ሞዴል ኮሮላ ሁለት የፊት ብራቾዎች፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙትን የብረት ክንዶች፣ አምጥቼ አስረክቤያችሁ ነበር። ከእነሱ ጋር የአጎቴ ልጅ ከዱባይ የላከልኝን ኦሪጅናል ጎሚኒ፣ በብራቾው ቀዳዳ የሚገባውን ላስቲክ፣ እንደታሸገ ሰጥቻለሁ። ያዘዝኩት ሥራ ግልጽ ነበር፤ አሮጌው ጎሚኒ በፕሬስ (በመጭመቂያ ማሽን) ይውጣ፣ ዝገቱ በአሸዋ ይጽዳ፣ ብራቾው በምድጃ የሚበስለውን ጥቁር ቀለም ይቀባ፣ አዲሱ ጎሚኒ በመጨረሻ ይግባ። ዕቃውን የተረከበኝ ሠራተኛ ይህንኑ በደረሰኙ ጀርባ ጽፎልኛል፤ ቅጂውን አያይዣለሁ።

እናንተ ግን አዲሱን ጎሚኒ አስቀድማችሁ ገጥማችሁ ከብራቾው ጋር ምድጃ ከተታችሁት። ቤት ወስጄ ሳየው ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የመሃሉን ቱቦ በጣቴ ሳዞረው ዞረ። ጎሚኒ እኮ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው፤ ብራቾው ከፍ ዝቅ ሲል እየተጠማዘዘ የሚሸከመው እሱ ነው። ከብረቱ ከለቀቀ መንኳኳትና የመሪ መዋለል ይመጣል። ቀለማችሁ የሚበስለው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ላስቲክ ይህን ሙቀት እንደማይችል ምድጃውን በየቀኑ ለሚያነድ ባለሙያ መንገር ነበረብኝ?

ፎርማናችሁ «ስትነዳው ይለሰልሳል» አለኝ። የተቃጠለ ላስቲክ አይመለስም። ቀጥሎ ጠንካራ የፕላስቲክ ጎሚኒ በነጻ እንግጠምልህ አለ፤ አልተቀበልኩም። እኔ የምነዳው በኮብልስቶን ላይ ነው፣ ንዝረቱን የሚውጥልኝ ላስቲክ ነው የምፈልገው። አባቴም ሠላሳ ዓመት የነዳት በላስቲክ ነው።

ሌላው፣ ብሎኑ የሚያርፍበት ፊት ሳይሸፈን በወፍራሙ ተቀብቷል። ቀለሙ ከብሎኑ ሥር ሲደቅ ብሎኑ ይላላል። መኪናዋ ውስጥ ደግሞ ልጆቼ ናቸው የሚሳፈሩት።

ስለዚህ የተበላሸውን ጎሚኒ በእሳት ሳይሆን በፕሬስ እንድታወጡ፣ ቀዳዳውንና የብሎኑን ማረፊያ ከቀለም እንድታጸዱ፣ በምትኩ ኦሪጅናል ጎሚኒ ገዝታችሁ በግሪስ ሳይሆን በሳሙና ውሃ እንድትገጥሙ እጠይቃለሁ። ቀለሙ ራሱ ጥሩ ነው፣ የእሱን ዋጋ መልሱ አልልም። ብሎኑን መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለ የራሴ መካኒክ ያጠብቀዋል።

በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ካሳ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ